ሰንበቴ ቤቱን ነው ወይስ ሰንበቴውን የምናድሰው? (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊው፣ ከአዲስ አበባ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአጥቢያችን ሰበካ ጉባኤ በጥቅምት መጨረሻ ይሰበሰባል። ከቀየው የወጣን ልጆች አንድ የጋራ ሐሳብ በጽሑፍ እንድናቀርብ ተጠይቀናል። እስካሁን ሦስት ሐሳብ ደርሶኛል። አንደኛው፣ አሮጌውን ቤተ ክርስቲያን አፍርሶ በብሎኬት ትልቅ መሥራት። ሁለተኛው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በየተራ የሚደገሰውን አብረን የምንቀምስበትን ሰንበቴ ቤት መጠገን። ሦስተኛው፣ በየወሩ ገንዘብ መላክ። እባካችሁ «ሁሉም ጥሩ ነው» የሚል መልስ አልፈልግም። ባለፈው እንዲያ ተባብለን ነው ጀነሬተርና ድምፅ ማጉያ የገዛነው። ናፍጣ ማን እንደሚገዛ ሳንነጋገር። አሁን ዕቃ ቤት ውስጥ ዶሮ ሰፍሮበታል።

ከባሕር ዳር፦
እኔ ሕንፃው ይቅደም ባይ ነኝ። በጎረቤት አጥቢያ ያሉት ጉልላቱ ከሩቅ የሚያበራ ሠርተዋል። የኛ ሚካኤል ዛሬም ጭቃና እንጨት ነው። ሰው ምን ይለናል?

መምህሩ፣ ከቀየው፦
ሰው ምንም አይልም ወንድሜ። ሰው የለም። ይልቅ እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ።

በሐምሌ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ገባን። ጣሪያው በምሥራቅ በኩል ተቀዷል። ዝናቡ መደቡን አልፎ መሶቡ ላይ ይወርዳል። ዲያቆኑ እስከ መጨረሻው ዣንጥላ ዘርግቶ መሶቡ ላይ ቆመ። እኛ እየበላን፣ እሱ እየራሰ። አንድ ሽማግሌ «ዛሬስ እህሉም ተጠመቀ» ብለው አሳቁን። ከሳቅን በኋላ ግን ቆጠርኩ። 19 ሰው ነበርን። ከነዚያ ውስጥ 6ቱ የቆሎ (የአብነት) ተማሪዎች ናቸው።

ልጅ ሆነን ሰንበቴ ጠጪው 52 አባወራ ነበር። ለያንዳንዱ በዓመት አንድ ሰንበት ይደርሰዋል። ከጳጉሜን እስከ ጳጉሜን ልክክ ይል ነበር። አሁን 31 ቀርተዋል። ተራው በሰባት ወሩ ይመጣል። ጤፍ ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ። በሰባት ወሩ ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ደፍቶ፣ ወጥ ሠርቶ የሚችል ስንት ሰው አለ? አንድ ሰው በወጣ ቁጥር የቀረው ላይ ይከብዳል። የከበደው ደግሞ ይወጣል።

ከባሕር ዳር፦
እሺ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። ግን ካህናቱስ?

መምህሩ፣ ከቀየው፦
እሱ ሌላው ቁስል ነው። ቅዳሴ ከ5 ልኡካን ባነሰ አይገባም። ሁለት ካህን፣ ሦስት ዲያቆን። እኛ ሁለት መምሬዎች (ካህናት) አሉን፣ ዲያቆን ግን ሁለት ብቻ። ሦስተኛውን ከወንዝ ማዶ እንለምናለን። ወንዙ የሞላ ዕለት ቅዳሴ የለም። ወጣቶቹ ዲያቆናት ከተማ እየገቡ ቀሩ። አልፈርድባቸውም። ድሮ ደብሩ ለሚያገለግለው የሚሰጠው መሬት ነበረው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ ወዲህ ካህኑም እንደ ማንኛውም ገበሬ አርሶ አዳሪ ነው። ቀን ሲያርሱ ውለው ሌሊት ማኅሌት ይቆማሉ። አንደኛው መምሬ አንድ ቀን ኪዳን ላይ ቆመው ሲያንጎላጁ መቋሚያቸው ወድቆ ሁላችንም ደነገጥን።

ገንዘብ ያዥ፣ ከደብረ ታቦር፦
እንግዲያው ነገሩ ግልጽ ነው። 38 አባላት አለን። በየወሩ እናዋጣ፣ በቴሌብር እንላክ። የሰንበቴው ዳቦና ጠላ ይገዛበት፣ ለዲያቆን ድጎማ ይሁን፣ ተማሪዎቹ ይብሉበት። አንድም እሑድ አይቋረጥም። ደረሰኙን እኔ እይዛለሁ። ምን ያከራክረናል?

ከሜሪላንድ፦
እደግፋለሁ። ከዚህ ገንዘብ መላክ ነው የሚቀለን።

ጸሐፊው፣ ከአዲስ አበባ፦
እኔም ወደዚህ እያዘነበልኩ ነው። ግን ሰንበቴ ጠጪዎቹን ራሳቸውን ጠይቀናል? መምህር፣ እስኪ እማሆይን አናግርልን። የሰንበቴው ሙሴም (መሪው) ከእሳቸው ሳያስፈቅድ ምንም አይወስንም።

መምህሩ፣ ከቀየው፦
ዛሬ ሄጄ ነበር። ያሉትን በድምፅ ቀድቼ እንዳለ ጻፍኩት። አንድም ቃል አልጨመርኩም።

«ልጆቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አልረሳችሁንም። ብር ብትልኩ ዳቦ እንገዛለን፣ እንበላለን። ሰንበቴ ግን ጠጣን አንልም። ሰንበቴ አንዷ ጋኗን በወይራ አጥና፣ እህሏን አበጥራ፣ ሌሊት ተነስታ የምታመጣው ነው። ስትቀር ደግሞ ‹ምን ነካት?› ብለን ቤቷ እንሄዳለን። አምና በክረምት አንዷ በተራዋ ቀረች። ሄድን። በሬዋ ሞቶባት፣ እህሏ አልቆ፣ አፍራ በሯን ዘግታ ተቀምጣለች። በዚያው ቀን በየቤታችን ዞረን እህል አዋጣንላት። ለእርሻው በሬ ተቀናጀላት። ብር የምትልኩ ቢሆን ኖሮ ዳቦው በሰዓቱ ይመጣል፣ እሷ ግን እንደተዘጋባት ትቀር ነበር። እናንተ ልጆች፣ ብር አትላኩብን። ተራ ውሰዱ።»

ይሄው ነው።

ገንዘብ ያዥ፣ ከደብረ ታቦር፦
እኔ ተሸንፌአለሁ። እማሆይ ላይ መልስ የለኝም። ግን በተግባር እንዴት ነው? እኔ ነርስ ነኝ፣ እሑድ ተረኛ የምሆንበት አለ። እሱ ደግሞ ሜሪላንድ ነው። ጋን ማን ይጥዳል?

ከሜሪላንድ፦
አንድ ነገር ልናገር። እማሆይ ያሉትን ሳነብ የኛው ነገር ትዝ አለኝ። እዚህም ቅዳሴ ሲያልቅ አዳራሽ ወርደን አብረን እንበላለን። ለምግቡ ተራ ወጥቷል። የኔ ተራ ሲደርስ ባለቤቴ ቅዳሜ ሌሊቱን ሽሮና አልጫ ስትሠራ ታድራለች፣ እኔ ሽንኩርት እልጣለሁ። አንድ ጊዜ ደክሞን ከሬስቶራንት ገዝተን ወሰድን። ማንም ክፉ አልተናገረንም። ግን አንዲት እናት መጥተው «ልጄ፣ ደኅና ናችሁ? አሟችሁ ነው?» አሉን። ያኔ አልገባኝም፣ አሁን ገባኝ። ስለዚህ ድምፄን ቀይሬአለሁ።

የኔ ሐሳብ ይኸውላችሁ። እናቴ ቀየው ላይ አለች። ተራው በስሜ ይመዝገብ። እህሉን እኔ በዓይነት ላስገዛ፣ እናቴ ትጥመቅ፣ ታናሽ ወንድሜ ይሸከም። በሁለት ዓመት አንዴ ራሴ እመጣለሁ። እናት የሌለው ደግሞ እናት ካለው ጋር ይጣመር።

ከባሕር ዳር፦
ጥሩ ብለሃል። ለሁለት ለሁለት ብንቧደን ከ38 ሰው 19 ተራ ይወጣል። 31 ሲደመር 19፣ 50። ሁለት ሰንበት ይጎድላል።

መምህሩ፣ ከቀየው፦
ሁለቱን እኛ እንሸፍናለን። አንዱ የትምህርት ቤቱ መምህራን ይሁን። እኔ አስማማቸዋለሁ፣ ጠላ የሚጠሉ አይደሉም።

ከባሕር ዳር፦
እንግዲህ ቀድሜ ልናገር፦ እኔ የዐቢይ ጾም ሰንበት ይድረሰኝ። ሽሮና ንፍሮ ነው። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ።

ገንዘብ ያዥ፣ ከደብረ ታቦር፦
ብልጥ! ዕጣ ነው የሚወጣው።

የደን ባለሙያው፣ ከደብረ ታቦር፦
ዘግይቼ ገባሁ፣ ይቅርታ። ስለ ጣሪያው ስታወሩ አንድ ሰው በውስጥ መስመር «በደኑ ዳር ባሕር ዛፍ እንትከልና ለወጪው እንሽጥ» ሲለኝ ነበር። ስሙን አልናገርም። እባካችሁ ይሄን አትጻፉት። በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ላይ ዶክተር አለማየሁ ዋሴ ባደረጉት ጥናት 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት ተገኝተዋል። ከዚያ ውጭ ያለው ዙሪያ እርሻና ግጦሽ ነው። የኛም ያው ነው። ጥዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው የቀረው ቅጽሩ ውስጥ ነው። ባሕር ዛፍ ከዳር ከገባ ውሃውን ይጠጣዋል፣ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይገፋል።

የሚያስፈልገው የድንጋይ ካብ ነው። ሌሎች አጥቢያዎች ደናቸውን ዙሪያውን ክበው ከብት እንዳይገባ አድርገዋል። ከብት ካልረገጠው ችግኙ ራሱ ይበቅላል። ድንጋዩ ደግሞ ማሳው ውስጥ ሞልቷል። ገበሬው ሲያነሳው እርሻውም ይጸዳለታል። ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር የለውም፣ ደቦ ነው የሚጠይቀው።

መምህሩ፣ ከቀየው፦
ደቦ ከሆነ ደግሞ የሚያበላ ይፈልጋል። እዚያ ላይ እናንተ ግቡበት። በጥር፣ መኸር ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ። የቆሎ ተማሪዎቹም ድንጋይ ማቀበል ይወዳሉ። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ውሻ ሲያባርራቸው ከሚውሉ ይሻላቸዋል።

ጸሐፊው፣ ከአዲስ አበባ፦
እሺ። ረቂቁን ጻፍኩ። አንብቡና አርሙ።

«ለአጥቢያችን ሰበካ ጉባኤ። እኛ 38 የቀየው ልጆች የሚከተለውን እናቀርባለን። በሰንበቴው ማኅበር በ19 ተራ እንድንመዘገብ እንጠይቃለን። እያንዳንዱ ተራ የሁለት ሰው ስም ይኖረዋል። ድግሱ በቀየው ባለ ቤት ይጠመቃል፣ ይጋገራል፤ እህሉ በዓይነት ይቀርባል። የሰንበቴ ቤቱን ጣሪያ ከኅዳር 12 በፊት እናለብሳለን፤ ቆርቆሮና ምስማር ከኛ፣ ማገርና ጉልበት ከአጥቢያው። በጥር ለሚደረገው የካብ ደቦ ምግብ እናቀርባለን። በደኑ ዳር ባሕር ዛፍ እንዳይተከል ጉባኤው እንዲወስን እንጠይቃለን። ሕንፃውን በተመለከተ አሁን ጥያቄ የለንም።»

ከባሕር ዳር፦
«አሁን» የምትለዋን ስላስገባህ አመሰግናለሁ። ጉልላቴን አልረሳሁም።

ገንዘብ ያዥ፣ ከደብረ ታቦር፦
የዲያቆናቱ ነገር የት ገባ? ቀርቷል።

ጸሐፊው፣ ከአዲስ አበባ፦
ልክ ነሽ፣ ዘለልኩት። ግን ምን ብለን እንጻፍ? ድጎማ ካልን መልሰን ብር መላክ ውስጥ ልንገባ ነው።

መምህሩ፣ ከቀየው፦
ሁለቱን መምሬዎች ጠየቅኋቸው። ደመወዝ አላሉም። «የቆሎ ተማሪዎቹ መኖሪያ ጎጆ ይጠገንልን፣ የየኔታም ቀለብ አይጓደል። ተማሪ ካደረ ዲያቆን ከዚያ ይወጣል» ነው ያሉት። አሁን ካሉት 6 ልጆች አንዱ ንባቡን ጨርሶ ዳዊት እየደገመ ነው። ጎጆው ክረምቱን ካፈሰሰ ግን ሌላ ደብር ይሄዳል።

የደን ባለሙያው፣ ከደብረ ታቦር፦
እንዲያ ከሆነ የሚገዛው ቆርቆሮ ለሁለቱም ጣሪያ የሚበቃ ይሁን። አብሮ ይገዛ፣ በአንድ ጭነት ይሂድ። ስሱን፣ 32 ጌጁን እንዳትገዙ ብቻ፣ የመጀመሪያው በረዶ ይበሳዋል። 28 ይሁን።

ጸሐፊው፣ ከአዲስ አበባ፦
ጨምሬዋለሁ። «የአብነት ተማሪዎቹ ጎጆ ከሰንበቴ ቤቱ ጋር አብሮ ይጠገን፤ ከየተራው እህል አንድ ቁና ለየኔታ ቀለብ ይቀነስ» የሚል። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ረቂቁን እስከ ሐሙስ ይፈልጉታል። ተቃውሞ ያለው ይናገር።

ከሜሪላንድ፦
የለኝም። አንድ ጥያቄ ብቻ። የመጀመሪያው ሰንበት የማን ነው?

ገንዘብ ያዥ፣ ከደብረ ታቦር፦
ዕጣ ሳይወጣ እኔ ልውሰደው። ፈረቃዬን አቀያይራለሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ጋኗ አክስቴ ቤት ተደፍቶ ነው ያለው። መምህር፣ አደራህን፣ እንዳልተሰነጠቀ እየልኝ። ጌሾውን ደግሞ ከማን ነው የምትገዙት?