ፒኤችፒ 8፦ ካች እያለ ነጭ ገጽ ለምን ይመጣል?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለአንድ የስልጠና ማዕከል የምዝገባ ገጽ በፒኤችፒ (የድረ ገጽ ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ሰርቻለሁ። ሰርቨሩ ከ7.4 ወደ 8.2 ከተቀየረ ወዲህ አንዳንድ ተመዝጋቢ ፎርሙን ሞልቶ ሲልክ ባዶ ነጭ ገጽ ይመጣበታል። ጠቅላላ ክፍያውን ለወራት ብዛት የሚያካፍለው ኮድ ትራይ (ስህተት ሊፈጥር የሚችል ኮድ የሚጻፍበት ክፍል) ውስጥ ነው ያለው። ከስሩ ኤክሴፕሽን የተባለ ስህተት ሲወረወር የሚይዘው ካች ኤክሴፕሽን አለ፣ «ይቅርታ፣ እንደገና ይሞክሩ» የሚል መልእክትም አስገብቻለሁ። ግን መልእክቱ አይወጣም። የዋጋ ዝርዝሩን በፋይል ጌት ኮንቴንትስ (ፋይል የሚያነብ ፈንክሽን) ነው የማነበው። ፋይሉ ሳይገኝ ሲቀርም ካቹ ምንም አይልም። እባካችሁ እርዱኝ፣ ምዝገባው እየተጓተተ ነው።

የሰርቨር ልጅ፦
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ሎጉን (ስህተቶች የሚመዘገቡበትን ፋይል) ክፈቺ። ነጭ ገጽ የሚመጣው ዲስፕሌይ ኤረርስ (ስህተትን ገጹ ላይ የሚያሳየው ቅንብር) ስለተዘጋ ነው። መዘጋቱ ልክ ነው። ሰው እየተጠቀመበት ያለ ሳይት ላይ እንዳትከፍቺው፣ የፋይል አድራሻና የዳታቤዝ ጥያቄ ለማንም ያሳያል። ስህተትን ሎግ ላይ የሚጽፈው ሎግ ኤረርስ ግን መከፈት አለበት። በሆስቲንጉ ፓነል ኤረር ሎግ የሚለውን ፈልጊና የመጨረሻውን መስመር እዚህ ለጥፊልን።

ጀማሪዋ፦
አገኘሁት። «አንካውት ዲቪዥን ባይ ዜሮ ኤረር» (ያልተያዘ ለዜሮ የማካፈል ስህተት) ይላል። የሚጠቁመው ማካፈያው ያለበትን መስመር ነው። ግን እኮ ትራይ ውስጥ ነው ያለው!

ባክኤንድ ሰው፦
ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ከፒኤችፒ 7 (እ.ኤ.አ. 2015) ጀምሮ የሚወረወረው ነገር ሁለት ጎራ አለው፤ ኤክሴፕሽን እና ኤረር። ሁለቱም ትሮዌብል በሚባል የጋራ ዓይነት ስር ናቸው፣ ግን አንዱ የሌላው ልጅ አይደለም። ስለዚህ ካች ኤክሴፕሽን ስትዪ ኤረርን አይዝም። ለዜሮ ማካፈል፣ ታይፕ ኤረር (የተሳሳተ የዳታ ዓይነት)፣ የሌለ ፈንክሽን መጥራት፣ ሁሉም ኤረር ውስጥ ናቸው።

ድሮ ለምን ይሰራ ነበር ካልሽ፣ እስከ 7.4 ድረስ የማካፈያ ምልክቱ በዜሮ ሲካፈል ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያልፍ ነበር። 8 ላይ ይወረውራል። ችግሩ ቀድሞም ነበረ ማለት ነው። በፊት የተመዘገቡትን ሰዎች ሂሳብ አንዴ ተመልከቺው፣ የተበላሸ ቁጥር ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ቡና እና ኮድ፦
ለምን ታደክሟታላችሁ? ኤክሴፕሽን የሚለውን በትሮዌብል ትቀይረውና ታርፋለች። ሁሉንም ይይዛል።

ባክኤንድ ሰው፦
ይይዛል፣ ግን በየቦታው እንዲህ ከያዝሽ የራስሽን የኮድ ስህተት ሁሉ «እንደገና ይሞክሩ» እያልሽ ትሸፍኚዋለሽ። ተመዝጋቢው አስር ጊዜ ቢሞክርም ያው ነው። የወራት ሳጥኑን ባዶ ትቶት ከሆነና አንቺ ወደ ሙሉ ቁጥር ከቀየርሽው ዜሮ ይሆናል። ይህን ከማካፈልሽ በፊት በኢፍ ፈትሺና «የወራት ብዛት ያስገቡ» በዪው። ትሮዌብልን አንድ ቦታ ብቻ፣ ፕሮግራሙ ከሚጀምርበት ፋይል ላይ አድርጊው። እዚያ ዓይነቱን፣ መልእክቱን፣ ፋይሉንና መስመሩን ሎግ ላይ ጻፊ፣ የ500 (የሰርቨር ስህተት) ኮድ ላኪ፣ ለሰውየው ጨዋ የሆነ ገጽ አሳዪ። በየመሃሉ መያዝ ያለብሽ መፍትሄ ልትሰጪበት የምትችዪውን ብቻ ነው።

ካች ውስጥ ምንም ሳይጽፉ ባዶ መተው ደግሞ ፈጽሞ አይሁን። ያሳለፍኳቸው ከባድ የስህተት ፍለጋዎች ብዙዎቹ የሰው ባዶ ካች ላይ ነው ያለቁት።

የሰርቨር ልጅ፦
ስለ ፋይሉ ልመልስ። ፋይል ጌት ኮንቴንትስ ፋይሉን ሲያጣ አይወረውርም። ማስጠንቀቂያ ይሰጥና ፎልስ (ሐሰት የሚል ዋጋ) ይመልሳል። ካች ማስጠንቀቂያን አያውቅም። ቀላሉ መንገድ ውጤቱን በሦስት እኩል ምልክት (===) ከፎልስ ጋር ማስተያየት ነው። ሁለት እኩል ምልክት ከተጠቀምሽ ባዶ ፋይልም እንደ ፎልስ ይቆጠራል። እኩል ከሆነ ራስሽ ራንታይም ኤክሴፕሽን ወርውሪ። ለጠቅላላው ከፈለግሽ ሴት ኤረር ሃንድለር (ማስጠንቀቂያዎችን ራስሽ የምትቀበዪበት ፈንክሽን) ውስጥ እያንዳንዱን ማስጠንቀቂያ ኤረር ኤክሴፕሽን አድርጎ መወርወር ይቻላል። ማስጠንቀቂያን የሚደብቀውን የ@ ምልክት ለማስታገሻ እንዳትጠቀሚበት።

ቡና እና ኮድ፦
እሺ፣ የባክኤንድ ሰው ሐሳብ ይሻላል። አንድ ነገር ልጨምር። ኮድሽ ኔምስፔስ (ክላሶች በጋራ ስም የሚመደቡበት) ውስጥ ከሆነ ከኤክሴፕሽን በፊት ባክስላሽ (\) መኖሩን እዪ። ከሌለ ፒኤችፒ በራስሽ ኔምስፔስ ውስጥ ያለ ክላስ ይመስለዋል። ክላሱ ባይኖርም አይነግርሽም፣ ዝም ብሎ ያልፈዋል።

ጀማሪዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ወራቱን ከላይ ፈተሽኩት፣ ነጭ ገጹ ጠፋ። ባክስላሹም በእውነት አልነበረም! ሎጉ ላይ አሁን ደግሞ ፒዲኦ ኤክሴፕሽን የሚል መጥቷል፣ ድሮ አይቼው አላውቅም።

ባክኤንድ ሰው፦
ከ8.0 ጀምሮ ፒዲኦ (ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው የፒኤችፒ ክፍል) ሳታዢው ይወረውራል፤ በፊት ዝም ይል ነበር። ለአንቺ ጥሩ ነው። ምዝገባውና ክፍያው ወደ ዳታቤዙ የሚገባው በሁለት ኢንሰርት (መረጃ ማስገቢያ ትእዛዝ) ከሆነ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስተሳስረውን ቢጊን ትራንዛክሽን አድርጊ። ካች ውስጥ ሮልባክ (የገባውን መሰረዝ) በዪና ያንኑ ኤክሴፕሽን መልሰሽ ወርውሪው። አለበለዚያ ተማሪው ይመዘገብና ክፍያው ሳይገባ ይቀራል። የሎጉን መስመር ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።