ፕሮሰሰር ቀይሬ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፤ ጅማ ያላችሁ ድረሱልኝ!

ኤዲተሩ (ጠያቂ)፦ ሰላም ወገን። አስቸኳይ ነው። ዛሬ ፕሮሰሰር ቀየርኩ። አሁን ኮምፒዩተሩ አልነሳም አለ። ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ራሙን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት፤ ለውጥ የለም። ውስጡ የሰርግ ቪዲዮ አለ። ሙሽሮቹ ቅዳሜ መልስ አላቸው፤ ቪዲዮው እዚያ ላይ ነው የሚታየው። አዲሱ ፕሮሰሰር ራይዘን 5 3600 ነው። እባካችሁ!

ሄርማታ፦ ራሙን አውጣና የወርቅ ቀለም ያለውን ጠርዝ በላጲስ ጥረገው። ይነሳል።

ጋሽ ጠጋኝ፦ ልጄ፣ ዘመኑ ሁሉም በዩቲዩብ ቴክኒሻን የሆነበት ነው። ፕሮሰሰር እንደ ራም ነቅለህ የምትሰካው ዕቃ አይደለም። በኤኤም4 (ያንተ ራይዘን የሚሰካበት የሶኬት ዓይነት) ፒኖቹ፣ ማለት ትንንሾቹ እግሮች፣ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ነው፤ 1331 ናቸው። አንዷ ከታጠፈች አለቀ። ደግሞ በፕሮሰሰሩና በፋኑ መሃል የተቀባው የድሮው ፓስታ (ሙቀት አስተላላፊው ቅባት) ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዛል። ፋኑን ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ ከሳብከው ፕሮሰሰሩን ከነፒኑ ነቅሎት ይመጣል። መጀመሪያ ማሽኑን አሞቀው፣ ከዚያ ፋኑን ግራና ቀኝ በቀስታ እያዞርክ አላቀው። ሌላም ልጠይቅህ። ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካውን የፓወር ገመድ መልሰሃል? ብዙ ሰው ትልቁን ሰክቶ ትንሹን ይረሳል። ያኔም ፋን ይዞራል፣ ስክሪን ግን አይመጣም።

ኤዲተሩ፦ ጋሼ ክበሩልኝ። ትንሹም ገመድ ተሰክቷል። ፒኖቹን በስልክ ካሜራ አጉልቼ አየኋቸው፣ ሁሉም ቀጥ ያሉ ናቸው።

አጂፕ ሰፈር፦ ቆይ፣ ለምን ቀየርከው ግን? ለቪዲዮ ኤዲት ራም ጨምር፣ ኤስኤስዲ (ፈጣኑን ዲስክ) አስገባ። ፕሮሰሰር መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

ኤዲተሩ፦ ወንድሜ ራሙ 16 ጊጋ ነው፣ ኤስኤስዲም አለኝ። ሬንደር ላይ (ያለቀውን ቪዲዮ ወደ አንድ ፋይል ሲያወጣ) ግን የድሮው ፕሮሰሰር 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ባለ 4 ኮር ነበር፣ ይሄ ባለ 6 ነው። አሁን የምፈልገው እንዲነሳልኝ ብቻ ነው።

ሄርማታ፦ ላጲሱን ሞከርከው? እኔ ስንቱን አስነስቼበታለሁ።

ቡና ከነቁርሱ፦ ኮምፒዩተሩም ሙሽራ ሆኗል፣ ቬሉን አልገልጥም ብሎ ነው 😄 ግን የስክሪኑን ገመድ የት ነው የሰካኸው? ግራፊክስ ካርድ (ለስክሪኑ ምስል የሚሠራ፣ ለብቻው የሚሰካ ካርድ) አለህ? የድሮው ፕሮሰሰርህስ ምን ነበር?

ኤዲተሩ፦ ስክሪኑ እንደ ድሮው ማዘርቦርዱ ኤችዲኤምአይ ላይ ነው። ካርድ የለኝም። የድሮው ራይዘን 3 2200ጂ ነበር። ቦርዱ ቢ450 ነው።

ቡና ከነቁርሱ፦ በቃ ተገኘ። 2200ጂ ግራፊክሱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ አለ፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «ጂ» እሷን ነው የምትነግርህ። 3600 ግን ግራፊክስ የለውም። የማዘርቦርዱ ኤችዲኤምአይ ምስል የሚያገኘው ከፕሮሰሰሩ ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ጤነኛ ቢሆንም እንኳ ስክሪንህ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ካርድ ግድ ነው።

የቂጦ ልጅ፦ ልክ ነው፤ ግን ካርድ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ቢ450 የወጣው በ2018 ነው፣ 3600 ደግሞ በ2019። ባዮሱ (ቦርዱ ውስጥ ያለው፣ ማሽኑን የሚያስነሳው ሶፍትዌር) ታድሶ የማያውቅ ከሆነ ቦርዱ ፕሮሰሰሩን አያውቀውም። ስለዚህ መጀመሪያ 2200ጂውን መልስና አስነሳው። ከተነሳ ቦርዱም ራሙም ደህና ናቸው ማለት ነው። ከዚያ ቦርዱ ላይ የተጻፈውን ሙሉ ሞዴልና የሪቪዥን ቁጥር አንብብ። ከአምራቹ ድረ ገጽ የዚያኑ ባዮስ አውርድ፤ ተቀራራቢ ስም ያለው ሌላ ሞዴል እንዳያሳስትህ። ፍላሹን ፋት32 ፎርማት አድርገህ ፋይሉን ጫንበትና ባዮስ ውስጥ ገብተህ አድስ። 3600ውን ከካርድ ጋር የምታስገባው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንድ ቢ450 ያለ ፕሮሰሰርም በፍላሽ ብቻ የሚታደስበት ቁልፍ አለው፤ ከኋላ በኩል እየው።

ጋሽ ጠጋኝ፦ ይሄ ልጅ ያለው ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፤ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ) ባዮስ እንዳትነካ። መሃል ላይ መብራት ጥርግ ካለ ቦርዱም ይሄዳል። እዚህ ከተማ ዝናብ ሲያጉረመርም መብራቱ እንዴት እንደሚሆን ታውቃለህ። ዩፒኤስ ከሌለህ ተዋስ።

አጂፕ ሰፈር፦ እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው። 5600ጂ ብትገዛ ካርድ አያስፈልግህም ነበር።

የቂጦ ልጅ፦ 5600ጂም ቢሆን የታደሰ ባዮስ ይፈልጋል።

ሃያት ስቱዲዮ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ሙሽሮቹን አስብ። ቪዲዮው አልጠፋም፤ ፕሮሰሰር መቀየር ዲስኩ ላይ ያለውን አይነካውም። ዛሬውኑ 2200ጂውን መልሰህ ሬንደሩን ጀምር፣ ሌሊቱን ይሥራልህ። እሱም ካልተነሳ ዲስኩን ፈትተህ ሌላ ማሽን ላይ ስካው። ማሻሻሉ ከቅዳሜ በኋላ ይደርሳል። የሰው ሰርግ አይደገምም። አብሽር፣ ኢንሻአላህ ይደርሳል።

ኤዲተሩ፦ እሺ እህቴ። የድሮውን ልመልስ ነው። ፓስታ ግን አልቆብኛል፣ በዚህ ሰዓት ማን ይሸጣል?

ቡና ከነቁርሱ፦ ፈረንጅ አራዳ ከሆንክ እኔ ጋ አለ፤ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ያለ ፓስታ እንዳታስነሳው።

መርካቶ ጅማ፦ ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እኔ ኤች61 ቦርድ አለኝ፣ አይ3 2100 ነው ያለው። አይ7 3770 ባስገባ እኔንም እንዲህ ያደርገኛል?

የቂጦ ልጅ፦ ሶኬቱ አንድ ነው፣ 1155። 3770 የራሱ ግራፊክስ ስላለው ስክሪኑ አያሳስብህም። ግን ያንተም ባዮስ የቆየ ከሆነ እንደ 3770 ያለ ሦስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር አይቀበልም። አይ3ው እንዳለ ባዮሱን አድስ። ቦርዱ የማን ሥሪት ነው?

ሄርማታ፦ ኤዲተሩ፣ ተነሳ?