ልጁ ሀሁን በዜማ ይወርደዋል፣ ፊደሉ ተነጥሎ ሲመጣ ግን ይጠፋበታል፤ ምን ላሠራው?

የሐዋሳዋ እናት፦
ሰላም ወገኖች። ልጄ 8 ዓመቱ ነው፣ 2ኛ ክፍል። የፊደል ገበታውን ከላይ እስከ ታች በዜማ አንድም ሳይሳሳት ይወርደዋል። «ሌ»ን ብቻዋን ጽፌ ሳሳየው ግን «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ» እያለ በጣቱ ቆጥሮ ነው የሚደርስባት። አንድ መስመር ላይ ያነበበው ቃል ቀጥሎ ሲመጣ እንደ አዲስ ይሆንበታል። ወሬ ላይ ጎበዝ ነው፣ ሒሳብም በቃሉ ይሠራል። ጎረቤቶች «አእምሮ የሚያዳብር ጨዋታ አጫውቺው» ይሉኛል። ስልክ ላይ ስዕል የማስታወስ ጨዋታ ጭነንለታል። ለንባቡ ይጠቅመዋል?

የልዩ ፍላጎት መምህር፦
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሪ። ጆሮው ላይ ትንሽ ችግር ያለበት ልጅ ተቀራራቢ ድምፆችን ስለሚያምታታ የንባብ ችግር ያለበት ይመስላል።

ያ ደህና ከሆነ፣ ልጁ የያዘው ዜማውን እንጂ ፊደሉን አይደለም። ስለዚህ ገበታውን ለጊዜው አንሺው። 21 የውሃ ፕላስቲክ ክዳን ሰብስቢና የሦስት ቤት ፊደሎችን በማርከር ጻፊባቸው፦ የለ፣ የበ እና የከ። እነዚህን የመረጥኩት ቅርጻቸው ሥርዓት ስለሚከተል ነው፤ እንደ ረ እና ፈ ያሉት አፈንጋጮች ይቆዩ።

አሁን ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች አስተምሪው። ሉ፣ ቡ፣ ኩን ደርድሪና «ምናቸው ይመሳሰላል?» ብለሽ ጠይቂው። ቀኝ ጎናቸው ላይ ያለችውን ጭረት ራሱ ያግኛት፣ አትንገሪው። ሊ፣ ቢ፣ ኪ ላይ ጭረቷ እግር ሥር ትወርዳለች። ሌ፣ ቤ፣ ኬ ላይ እግሩ ቀለበት ይሆናል። ላ፣ ባ፣ ካ ላይ ቀኝ እግሩ ይረዝማል። ሳድስና ሳብዕ (6ኛውና 7ኛው፣ እንደ ል እና ሎ) ግን ወጥ ስላልሆኑ አንድ በአንድ መያዝ አለባቸው፤ ብዙ ልጆች የሚሰናከሉትም እዚያ ነው። በትሪ ላይ ስስ ዱቄት በትነሽ ድምፁን እየጠራ በጣቱ ይጻፈው። ድምፁን ሳይጠራ ቢጽፍ ግን ስዕል እንደ መሳል ነው፣ ለንባብ አያተርፍም።

በቀን ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ ይበቃል። አንድ ሰዓት ካስቀመጥሽው ግን ከመጀመሪያው ሩብ ሰዓት በኋላ መገመት ይጀምራል፣ የገመተውም ስህተት ይለመድበታል። ክዳኖቹን ደባልቀሽ ስታወጪ ከ21ዱ 18ቱን ሳይቆጥር፣ ሁለት ቀን በተከታታይ ከመለሰ አንድ ቤት ጨምሪ። ካልሆነ አትቸኩዪ። በሦስቱ ቤት ብቻ ልብ፣ ላብ፣ ክብ፣ ኩል፣ ካባ፣ ኮባ፣ ቡላ፣ ቢላ ይነበባል። ትርጉም ያለው ቃል ማንበቡ ልጁን ያበረታዋል።

ንባብና አንጎል፦
ስለ ስልኩ ጨዋታ ልመልስ። ስዕል ማስታወስን የተለማመደ ልጅ ስዕል ማስታወስ ይሻለዋል፤ በዚህ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ጥቅሙ ወደ ንባብ እንደማይሻገር ደጋግመው አሳይተዋል። እጅና እግርን እያጠላለፉ የሚሠሩትም እንቅስቃሴዎች ያው ናቸው። አንጎል ፊደልን በቅጽበት መለየት የሚለምደው ቅርጽና ድምፅ አብረው በተደጋጋሚ ሲመጡለት ነው። ሌላ አቋራጭ የለውም።

ይህ ማለት ግን ጨዋታ ይቅር ማለት አይደለም። ሰኞ ማክሰኞ ስትሠሩ ሳጥኖቹ ውስጥ በጠመኔ ፊደል አዘበራርቀሽ ጻፊ፤ የረገጠውን ሳይጠራ አይዘልም። ገበጣም ለቁጥር ደስ የሚል ነው፤ ልጅሽ ግን ሒሳቡን ስለቻለ ጊዜውን ለፊደል ስጪው።

ከሁሉ የሚበልጠው ወረቀት የማይፈልገው የድምፅ ጨዋታ ነው፣ ታክሲ ውስጥም ይሠራል። «ካባ በል። አሁን ካን አውጣና በል።» «ባ» ይላል። ሲለምድ «የቢላን ቢ በቡ ቀይር» በዪው፤ ቡላ ይወጣል። ይህን በጆሮው ያልቻለ ልጅ በዓይኑም ይቸገራል።

የሐዋሳዋ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ልጨምር፦ «ሰላም»ን «ሰ… ላ… ም» ብሎ እያንዳንዱን በትክክል ይጠራል፣ «አሁን አንድ ላይ» ስለው ግን ጭልጥ ብሎ ይጠፋበታል። ምንድን ነው?

የልዩ ፍላጎት መምህር፦
ሳድሷ ናት። «ም» ብቻዋን ስትጠራ የሌላትን አናባቢ ይጨምርባታል፣ ከዚያ ሦስቱ ድምፆች አይገጥሙለትም። በቃል መጨረሻ ያለችን ሳድስ ለብቻዋ አታስጠሪው። «ላም»ን በአንድ ጭብጨባ አስብዪው፤ ቀጥሎ «ሰ» ጨምሪና «ሰ-ላም» ይበል፣ ሁለት ጭብጨባ። «ላብ፣ ልብ፣ ክብ፣ ኩል»ንም እያንዳንዳቸውን በአንድ ጭብጨባ።

ጥብቀትም (ድምፅን አጥብቆ መጥራት) አለ። «ገና» እና «አለ» ጠብቀውም ላልተውም ስለሚነበቡ ብቻቸውን አትስጪው፣ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ይምጡለት።

አንድ ወላጅ፦
ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ በድምፅ አንድ ስለሆኑ ከየቡድኑ አንዱን ብቻ ያዙ፤ ሌላው ሲያነብ ይመጣል። ታናሽ ወንድም ወይም እህት ካለውም አጠገቡ ቁጭ ብለው እንዳያርሙት አደራ። ለመምህሩም ንገሪያቸው፦ ፊት ወንበር ያስቀምጡት፣ ክፍል ፊት አስነስተው አያስነብቡት፣ የሳይንሱን ጥያቄ በቃል ይጠይቁት። ምን ያህል እንደሚያውቅ ያኔ ያዩታል።