የምርምርን የጤና ፋይዳ ድርሻ እንዴት ልለካ?

ከዓመታት በፊት የተጠናቀቁ 14 የደም ግፊት ምርምሮች ያስገኙትን ፋይዳ እንድገመግም ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። በእጄ የወጪ መዝገቦች፣ የታተሙ ጽሑፎችና ከተመራማሪዎቹ ጋር ያደረግኋቸው ቃለ መጠይቆች አሉ። ባክስተንና ሃኒ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ያቀረቡትን፣ የምርምርን ፋይዳ በዘርፍ ከፍሎ የሚገመግመውን የፔይባክ ማዕቀፍ ተከትዬ ዕውቀትን፣ ለቀጣይ ምርምር የተገኘውን ጥቅም፣ ፖሊሲን፣ ጤናንና ኢኮኖሚን ለየብቻ መርምሬያለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙም አላስቸገሩኝም።

የተቸገርኩት ጤናው ላይ ነው። አንድ የሕክምና መመሪያ ከጠቀሳቸው 62 ጥናቶች ውስጥ የእኛዎቹ 3 ብቻ ናቸው፤ ከእነዚህ አንዱ ግን የመድኃኒቱን መነሻ መጠን ያስቀየረ ነው። ድርሻውን በጥናቶቹ ብዛት ሳካፍል ይህ ጥናት በመግቢያው ላይ ብቻ ከተነሣ ማጣቀሻ ጋር እኩል ሆነ፤ ሙሉውን ጥቅም ለእኛ ስሰጥ ደግሞ የሌሎችን ድካም መንጠቅ ስለሚሆን ሕሊናዬ አልተቀበለውም። መመሪያው ያስገኘውን ተጨማሪ ጤናማ የሕይወት ዘመን ለእነዚህ ሦስት ጥናቶች በየትኛው መስፈርት ባከፋፍል ትክክል ይሆናል?