በጎጃም ሌሊት አስፈሪ ጌም ለሚጀምር፦ ከማሽኑ በፊት የጆሮ ማዳመጫው

የአክስቴ ልጅ ከደብረ ማርቆስ ደውሎ «ጋሼ፣ ሥነ ልቦናዊ ሆረር የሚባለውን ጌም ልጀምር ነው፤ ፕሌይስቴሽን ልግዛ ወይስ ኮምፒውተር?» አለኝ። «መጀመሪያ ደኅና የጆሮ ማዳመጫ ግዛ፤ ማሽኑ ይደርሳል» አልሁት። በስልክ ያልጨረስሁትን እዚህ ልጨርሰው፤ ለቡሬውም፣ ለፍኖተ ሰላሙም፣ እዚሁ ባሕር ዳር ላለውም ጀማሪ ይሆናል።

ይህ ዓይነቱ ጌም በጭራቅ ብዛት አያስፈራም። የሚያስፈራው ከግድግዳ ማዶ የሚያቃስተው፣ ከጀርባ ቀርቦ ድንገት ዝም የሚለው ኮቴ ነው። ፍርሃቱ በጆሮ ይገባል። ድምፁን ካልሰማህ የሚቀርህ በጨለማ ክፍል ውስጥ በር መክፈትና መዝጋት ነው።

በስልክ ዕቃ ሱቆች የምታገኘው ሦስት ዓይነት ነው፦ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ትንሹ፣ ጆሮን ሸፍኖ የሚይዘው ባለሽቦና ባለብሉቱዙ። እኔ ያለማመንታት ባለሽቦውን ሸፋኙን እመርጣለሁ። ብሉቱዙ ለዘፈን መልካም ነው፤ በጌም ግን ብዙ ጊዜ ድምፁ ከምስሉ ኋላ ይቀራል፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ የመዘጋቱ ድምፅ ይደርስሃል። ትንሹ በበጋ ይበቃል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ምንም አታገኝም፤ እኛ ዘንድ ክረምቱ ረጅም ስለሆነ ይህን እንደ ትንሽ ነገር አትየው።

ሳትሞክር ደግሞ አትግዛ። አንድ ጊዜ የገዛሁት ማዳመጫ ቀኝና ግራው ተገላብጦ የተሠራ ነበር። ሁለት ሌሊት ሙሉ ኮቴውን በግራ እየሰማሁ ወደ ቀኝ ስሸሽ የፍጡሩ እቅፍ ውስጥ እገባ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ጌሙን ልተወው ደርሼ ነበር። ዘዴው ቀላል ነው፦ በስልክህ ማስተካከያ ውስጥ የድምፅ ሚዛን የሚባል አለ፤ ሱቁ ውስጥ ቆመህ ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ግፋውና በየትኛው ጆሮ እንደሚሰማ አረጋግጥ።

አሁን የት እንደምትጫወት እንነጋገር። ባሕር ዳር በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ዙሪያ ያሉት ጌም ቤቶች ለኳስ የተሠሩ ናቸው። አራት ቴሌቪዥን በአንድ ጠባብ ክፍል፣ ጎል በገባ ቁጥር ጩኸት፣ ከጀርባህ ተራ የሚጠብቅ ሰው። እዚያ ውስጥ መፍራት አይቻልም። ሕፃናትም ይገባሉ፤ እነዚህ አስፈሪ ጌሞች ግን ሞትን፣ ራስን ማጥፋትን፣ የአእምሮ ሕመምን በግልጽ የሚያነሱ ለአዋቂ የተሠሩ ሥራዎች ናቸው፤ ልጅ ባለበት አትክፈቷቸው ብዬ አጥብቄ እለምናለሁ። ጌም ቤት ግድ ከሆነብህ በሥራ ቀን ማለዳ ሂድና የራስህን ማዳመጫ ይዘህ በሰዓት ተከራይ። ያኔ ቤቱም ባዶ ነው፣ ባለቤቱም አይቸኩልም።

ማሽኑን ለሌሊት አከራይቶ ወደ ቤት የሚሰጥ ካገኘህ ከዚህ እጅግ ይሻላል። መታወቂያ ወይም ማስያዣ ይጠይቅሃል፤ ከመውሰድህ በፊት ጆይስቲኩን እዚያው ፈትሽ። እኔ የወሰድሁት አንዱ የግራ ዱላው አልቆ ነበርና በጌሙ ውስጥ ያለው ሰውየ ሳልነካው ወደ ጨለማው ኮሪደር ይራመድ ጀመር። እንዲህ ባለ ጌም ውስጥ ይህ የታሰበ ነገር ይመስላል፤ ለሰዓት ያህል የታሪኩ አካል መስሎኝ ተከተልሁት። ጠዋት ስመልስ ነው ብልሽት መሆኑ የተነገረኝ። አንተ ሰውየውን አቁመህ እጅህን አንሣና አንድ ደቂቃ ተመልከት።

ለእኔ ግን የመጀመሪያው ምርጫ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ይይዝሃል፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ያስፈልጋል። መብራቱ ሲመለስም ወዲያው አትሰካ፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅና ኃይሉ ሲረጋ ሰካው። ጌም በፍላሽ ከሚጭኑ ሱቆች ስትቀዳም ፍላሹን ሳትፈትሽ አትክፈት፤ ከአንዱ ያመጣሁት ቫይረስ የሁለት ዓመት ፎቶግራፎቼን በልቶብኛል።

የትኛውን ጌም? ለአክስቴ ልጅ የመረጥሁለት «አምኔዥያ፦ ዘ ዳርክ ዲሴንት» ነው። የስዊድኑ ፍሪክሽናል ጌምስ በ2010 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው ስለሆነ አሮጌ ላፕቶፕ አይከብደውም፤ ከተጫነ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ዳንኤል የሚባል ሰው በ1839 በፕሩሲያ ቤተ መንግሥት ውስጥ ትዝታውን አጥቶ ይነቃል። መሣሪያ የለህም። ያለህ ፋኖስ፣ ጥቂት ዘይትና በየክፍሉ ያለውን ሻማ የምትለኩስበት የእሳት መጫሪያ ነው። ጨለማ አእምሮህን ይበላዋል፤ ብርሃን ደግሞ ያጋልጥሃል። ኩራዝ ለኩሶ ያደገ የጎጃም ልጅ ይህን ሒሳብ ሳያስተምሩት ያውቀዋል፦ ዘይት ለመንገድ ነው። ፋኖሱን ስትራመድ ብቻ አብራ፤ ቆመህ ስታነብ ወይም ስትፈትሽ አጥፋ። መጫሪያውን ተመላልሰህ በምታልፍበት ሰፊ ክፍል አውለው፤ አንድ ጊዜ በምታልፍበት ኮሪደር ግን አታባክነው።

ፍጡሩ ሲመጣ አትየው። ማየትህ ራሱ አእምሮህን ይጎዳል። ወደ ጥግ ገብተህ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙርና ድምፁን አዳምጥ። ስትሸሽ በሩን ከኋላህ ዝጋ፤ በሩን እስኪሰብር ጊዜ ታገኛለህ። ውኃ የሞላበት ምድር ቤት ስትደርስ ደግሞ የማይታይ ነገር አለ፤ ሳጥን ላይ ውጣ፤ የምትወረውረው ሥጋ ካገኘህ ራቅ አድርገህ ወርውርለትና እሱ ሲበላ ሩጥ። አእምሮህ ቢደክም አትደንግጥ፦ ራስህን ስተህ ትወድቃለህ እንጂ በዚያ አትሞትም፤ እንቆቅልሽ በፈታህ ቁጥርም ይመለስልሃል።

ሁለተኛው «ዳርክዉድ» ነው፤ የፖላንዱ አሲድ ዊዛርድ በ2017 ያወጣው። ምስሉ ከላይ የሚታይ ስለሆነ አንዳንዶች «ይህ ምን ያስፈራል?» ይላሉ። ሌሊቱ ሲደርስ መልሱን ያገኙታል። ቀን ጫካ ገብተህ ሳንቃ፣ ምስማርና ቤንዚን ትለቅማለህ፤ ማታ ቤትህ ገብተህ መስኮቱን ትቸነክራለህ፣ ቁም ሣጥኑን በር ላይ ትገፋለህ፣ ጄኔሬተሩን ትሞላለህ። ያለው ምክር አንድ ነው፦ ቤንዚኑን ፀሐይ ሳትጠልቅ ሙላ። ጄኔሬተሩ ከቆመ መብራቱ ይሄዳል፤ ያኔ የሚሆነውን ልነግርህ አልፈልግም። ስለ ሠሪዎቹ አንድ የምወድላቸው ነገር አለ፦ መግዛት ለማይችሉ ሰዎች ብለው ጌሙን ራሳቸው በነጻ ለቀውታል፤ ከወደዳችሁት ወደፊት ግዙልን ብለው። የውጭ ምንዛሪ ካርድ ለሌለን ይህ ትልቅ ቸርነት ነው፤ አቅም ስታገኝ ግዛላቸው።

መሞትንና መሳደድን የሚጠላ ሰው «ሶማ»ን ይሞክር። ያው የፍሪክሽናል ነው፤ በ2015 ወጥቶ በ2017 መጨረሻ ፍጡራኑ የማይገድሉበት አማራጭ ተጨምሮለታል። ፍርሃቱ ግን አልቀነሰም፤ ከባሕር በታች ያለው ጣቢያ የሚያነሳው ጥያቄ ጌሙን ዘግተህም አይለቅህም። ከአምኔዥያ ይልቅ ጠንካራ ኮምፒውተር ይፈልጋል።

ባለፕሌይስቴሽኑ ደግሞ «ሄልብሌድ»ን ይያዝ። ሴኑዋ የምትባለው ተዋጊ በራሷ ውስጥ የሚናገሩ ድምፆችን ትሰማለች፤ ኒንጃ ቲዎሪ ሲሠራው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲን የአእምሮ ሐኪምና በሕመሙ ያለፉ ሰዎችን አማክሯል። ድምፆቹ በግራና በቀኝ ጆሮህ ይንሾካሾካሉ፤ ጠላት ከኋላ ሲመጣም ያስጠነቅቁሃል። በቴሌቪዥን ድምፅ ማጉያ የተጫወተው ሰው ግማሹን ጌም አላየውም። «ሳይለንት ሂል 2» ከሁሉም ይበልጣል የሚሉኝ ወዳጆች አሉ፤ የታሪኩን ጥልቀት እኔም አልክድም። በ2024 እንደ አዲስ የተሠራው ግን ፕሌይስቴሽን 5ን የመሰለ አዲስ ማሽን ወይም ብርቱ ኮምፒውተር ስለሚጠይቅ ለጀማሪ አላቀርበውም። ካገኘኸው ባለታሪኩ በኪሱ የያዘውን ሬዲዮ ልብ ብለህ አዳምጥ፤ ፍጡር ሲቀርብ «ሽሽሽ» ማለት ይጀምራል።

የምትተኛው ከቤተሰብ ጋር ከሆነ ቀድመህ ንገራቸው። እኔ ሳልናገር ጀምሬ እናቴ በእኩለ ሌሊት «በስመ አብ!» እያለች በሩን ከፍታለች፤ ማዳመጫው የጌሙን ድምፅ ይይዛል እንጂ የእኔን ጩኸት አይዝም። በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ አትቀጥል፤ ልብህ ከመጠን በላይ ሲመታ አቁም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ብልጭ ድርግም ለሚለው ብርሃን ሲል ጭራሽ አይጀምር።

የአክስቴ ልጅ ትናንት ባለሽቦውን ገዝቷል፤ ሚዛኑንም ሱቁ ውስጥ ፈትሿል። ላፕቶፑን ከጓደኛው ይዋሳል። በሞጣና በቢቸና ማሽን ለሌሊት የሚያከራይ ቤት የምታውቁ ካላችሁ ንገሩን፤ ከዚያ የጠየቁኝ ሁለት ልጆች መልስ ይጠብቃሉ።