ደላሎች ልጆችን በማኅበራዊ ሚዲያ ስለሚመለምሉበት መንገድ፦ የጋራ ዕቅዳችን ረቂቅ ውይይት

ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ለእድሮቹ የምናስገባው ረቂቅ ደርሷችኋል። ዓላማው «ሕፃናት ከማኅበራዊ ሚዲያ አደጋ እንዲጠበቁ ማስተማር» የሚል ነው። የጻፍኩት እኔ ብሆንም ደግሜ ሳነበው ልል ሆኖብኛል፤ ከባቲ ተነሥቶ በሚሌና በአፋር በረሃ በኩል ጀልባ ወደ የመን ወደሚነሣበት የጅቡቲ ወደብ ወደ ኦቦክ ሊወሰድ ለተዘጋጀ የ15 ዓመት ልጅ ምን እንደሚነግረው አይታወቅም። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በየመን አብያን ጠረፍ ጀልባ ሰጥማ ካለቁት አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ስለነበሩ፣ ስለ ባሕሩ አስከፊነት ለወረዳችን ሕዝብ አዲስ ነገር አንነግረውም። ሐሳባችሁን እጠብቃለሁ።

መምህርት፣ ከባቲ፦
ረቂቁ «ከማታውቁት ሰው ጋር አትነጋገሩ» የሚለውን ምክር ሦስት ጊዜ ይደግመዋል። እኔ በማስተምርበት አካባቢ ልጁን የሚጠራው እንግዳ አይደለም፤ አብሮት ከብት የጠበቀ፣ ዓምና እዚያው ክፍል ይቀመጥ የነበረ የሰፈሩ ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሦስቱ በአንድ ሳምንት ጠፉ። የቀሩት ጓደኞቻቸው እንዳጫወቱኝ፣ ልጆቹ ከሳዑዲ በተለቀቀ አንድ የቲክቶክ ቪዲዮ ሥር አስተያየት ይጽፋሉ፤ አንድ ሰው በግል መልእክት ያነጋግራቸውና ወደ ቴሌግራም ይወስዳቸዋል፤ እዚያም በድምፅ መልእክት «አሁን ምንም አትከፍሉም፣ ደርሳችሁ ስትሠሩ ትከፍላላችሁ» ይላቸዋል። ያልተከፈለው ሒሳብ የመን ሲደርሱ በእገታ እንደሚጠየቅ፣ ስልኩም የሚደወለው ለእናታቸው እንደሆነ የነገራቸው አልነበረም። ስለዚህ ትምህርታችን ስልክን ከማውገዝ ይልቅ፣ ወሬው ከአደባባይ ወደ ግል በሚዞርበትና ነጻ ጉዞ በሚነሣበት ቅጽበት ላይ ቢያተኩር እመርጣለሁ።

የሕግ ባለሙያ አባል፦
የመምህርትን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። «ልጁ ራሱ ፈልጎ ነው የሄደው» የሚለው አባባል ግን በሰነዳችን በግልጽ መልስ ማግኘት አለበት፤ ወላጆችም፣ የቀበሌ ሹማምንትም፣ አንዳንዴ ፖሊሶችም ጉዳዩን የሚዘጉት በዚህ አባባል ነውና። በሰው መነገድን በሚከለክለው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት፣ በፓሌርሞ ፕሮቶኮል፣ አንቀጽ 3 መሠረት ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ለብዝበዛ መመልመል፣ ማስገደድም ማታለልም ባይኖርበት እንኳ በሰው መነገድ ነው። በአገራችንም ደላላው የሚጠየቅበት አዋጅ ቁጥር 1178/2012 አለ።

ዕድሜን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ቲክቶክ ከ16 ዓመት በታች ላሉ የግል መልእክት አይፈቅድም፤ ልጁ ግን የትውልድ ዓመቱን ለውጦ ይመዘገባል። ወራት ቆይቶ ደላላው በቀበሌ መታወቂያ ላይ ያንኑ ልጅ 18 ያስሞላዋል። ሁለተኛው ውሸት በመጀመሪያው የተለማመደ ስለሆነ አይከብደውም። ይህን ለተማሪዎች በዚሁ ቅደም ተከተል ብናስረዳ መልካም ነው።

አባል፣ ከጅዳ፦
እዚህ ያለነው እኅቶች ጥፋታችንን ሳናነሣ ዕቅዱ ሙሉ አይሆንም። በአሠሪዋ ሳሎን ቆማ፣ የእመቤቷን ሽቶ ይዛ ቪዲዮ የምትቀርጽ ልጅ፣ ማታ የምትተኛበትን የዕቃ ክፍል አታሳይም። እኔም አድርጌዋለሁ፤ እናቴ እንዳታዝን ብዬ ነበር፤ የጎረቤታችን ልጅ ግን ያንኑ አይታ ተነሣች። ፊታችንን ሳናሳይ፣ በድምፅ ብቻ፣ ስለ ደመወዛችንና ስለ ሥራ ሰዓታችን እውነቱን የምንናገርባቸው አጫጭር መልእክቶች ለማዘጋጀት አራት እኅቶች ፈቃደኛ ሆነናል።

የእድር ሰብሳቢ፦
ልጆቼ፣ መልካም ብላችኋል። ነገር ግን የታገቱ ልጆች ሲገረፉ የሚያሳዩት ቪዲዮዎች በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ግቢ ቢታዩ ሕዝቡ ይበልጥ ይደነግጣል ብዬ አስባለሁ።

መምህርት፣ ከባቲ፦
ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ በዚህ አልስማማም። ያ ቪዲዮ የተቀረጸው እንዲሰራጭና ገንዘብ እንዲያስገኝ ነው፤ እኛ ባሳየነው ቁጥር የአጋቹን ሥራ እንሠራለታለን። በዚያ ላይ ልጁ ከተመለሰ እዚሁ ገበያ ከሚያውቁት ሰዎች ጋር ሊኖር ነው። ደግሞም የፈራ ልጅ «እኔን የሚወስደኝ ሌላ ነው» ብሎ ራሱን ሲያጽናና ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

የእድር ሰብሳቢ፦
ስለ ልጁ ክብር ያልሽው ገብቶኛል፤ ሐሳቤን አንሥቻለሁ። ሆኖም ስልኩ የተደወለለት ቤተሰብ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እድር ነው፤ እንደ ለቅሶ ቤት ሁሉ ያን ቤትም እንከበዋለን፣ ገንዘብም እናዋጣለን። ያን ቀን ምን እንበለው? ሰነዳችሁ ስለዚህ አንድ ቃል የለውም።

ጸሐፊ፦
ጋሼ ያነሡት ትልቅ ክፍተት ነው፤ ከፖሊስ ጋር ሳንመክር የምንጽፈው ስላልሆነ ለብቻው ምዕራፍ ይያዝለት። የዓላማው አንቀጽ ግን እንዲህ ተስተካክሏል፦ «ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ያሉ ተማሪዎች፣ በማኅበራዊ ሚዲያ የተጀመረ ንግግር ወደ ግል መልእክት ዞሮ ያለ ክፍያ የሚደረግ ጉዞ ሲነሣበት የምልመላውን ደረጃ እንዲለዩና ለሚያምኑት አዋቂ እንዲናገሩ ማስቻል፤ ወላጆችም የተናገረውን ልጅ ስልኩን ነጥቀው እንዳይቀጡት ማግባባት።» የመጨረሻው ሐረግ ከመምህርት በስልክ የተጨመረ ነው፤ ስልኩ እንዳይነጠቅበት የፈራ ልጅ መልእክቱን ለማንም አያሳይም።

በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ የሚቀርበውን ክፍል መምህርት፣ የሕጉን ገጽ የሕግ ባለሙያው፣ የድምፅ መልእክቶቹን የጅዳ እኅቶቻችን እስከ ኅዳር 12 ቢልኩልኝ፣ በሚቀጥለው ሰኞ ከገበያ በኋላ ጋሼና እኔ ወደ ወረዳው ፖሊስ እንሄዳለን።