የ1610 የስፓኒሽ መጽሐፍ ስካን ወደ ጽሑፍ ሲቀየር «ኤስ» ሁሉ «ኤፍ» እየሆነብኝ ነው፤ ዓርብ ማስረከብ አለብኝ

ሰሎሜ (ጠያቂ)

የተከበራችሁ አባላት፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ጊዜ ስለሌለኝ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። በስፓኒሽ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ፤ የመመረቂያ ጥናቴን ፕሮፖዛል ዓርብ ጠዋት ለኮሚቴው አስረክባለሁ። የማጠናው ሉዊስ ደ ኡሬታ የተባለ ዶሚኒካዊ መነኩሴ በ1610 ቫሌንሲያ ላይ ያሳተመውን፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚተርክ ወፍራም መጽሐፍ ነው። ስካኑን አውርጄ በኦሲአር (የምስልን ፊደል አንብቦ ወደ ጽሑፍ በሚቀይር ፕሮግራም) ስቀይረው የሚወጣው ነገር አይነበብም። «ኤስ» መሆን የነበረበት ፊደል በአብዛኛው «ኤፍ» ሆኖ ይመጣል፤ ሁሉንም «ኤፍ» በአንድ ትእዛዝ ወደ «ኤስ» ስለውጥ ደግሞ በትክክል የተነበቡት ቃላት ይበላሻሉ። አማካሪዬ ይህን ጽሑፍ የያዘውን የፕሮፖዛሉን አባሪ ተመልክተው በዚህ መልኩ ለኮሚቴ እንደማይቀርብ ነግረውኛል። እባካችሁ መፍትሔ የምታውቁ ካላችሁ ድረሱልኝ።

አማኑ

እህቴ፣ ትራንስክሪቡስ የሚባለውን መሣሪያ ተጠቀሚ። ለድሮ ኅትመትና ለእጅ ጽሑፍ የተሠራ ስለሆነ ከተራ ኦሲአር ጋር አይወዳደርም። በ2023 መጀመሪያ በማድሪድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ደራሲው ሳይታወቅ የቆየ ተውኔት የታዋቂው ስፔናዊ ጸሐፌ ተውኔት የሎፔ ደ ቬጋ መሆኑ የተገለጸው በዚሁ መሣሪያ ነው። ተመራማሪዎቹ ኀርማን ቬጋና አልቫሮ ኩዬያር እጅግ ብዙ ተውኔቶችን በእርሱ ወደ ጽሑፍ ለውጠው ቃላቱን በማነጻጸር «ላ ፍራንሴሳ ላውራ» የእርሱ ነው ከሚል መደምደሚያ ደረሱ። ለዚያ ሥራ የተዘጋጀውን ሞዴል (የዘመኑን ፊደል እንዲያነብ የሠለጠነ ፕሮግራም) ማንም ሰው ሊጠቀምበት ይችላል።

መምህር ዘሳላማንካ

መሣሪያ ከመምረጥ በፊት የችግሩን ሥር ማወቅ ይገባል። ያየሽው ፊደል «ኤፍ» አይደለም፤ ረጅሙ «ኤስ» ነው። በዚያ ዘመን አታሚዎች በቃል መነሻና መካከል ረጅሙን፣ በቃል መጨረሻ ደግሞ ዛሬ የምናውቀውን አጭሩን «ኤስ» ይጠቀሙ ነበር። ከ«ኤፍ» የሚለየው በመሃሉ ያለችው አግድም ሰረዝ ግንዱን አቋርጣ ወደ ቀኝ ስለማታልፍ ነው፤ ብትኖርም በግራ በኩል ብቻ ትንሽ ብቅ ትላለች። ስካኑ ደብዛዛ ከሆነ ይህች ልዩነት ትጠፋለች።

ነገሩ በዚህ ብቻ አያበቃም። ዛሬ በ«ዩ» የምንጽፈው «ኡና» በ«ቪ» ተጀምሮ ታገኚዋለሽ፤ «አቢያ» ደግሞ ያለ «ኤች»፣ በመካከሉ «ዩ» ገብቶበት ይመጣል። «ዲሆ» እስከ 1815 ድረስ በ«ኤክስ» ይጻፍ ነበር፤ በዚያ ዓመት የወጣው የስፔን ቋንቋ ሮያል አካዳሚ የአጻጻፍ ደንብ ነው ወደ «ኾታ» (ወደ «ጄ» ፊደል) ያዞረው። አካዳሚው ራሱ የተመሠረተው በ1713 በመሆኑ በኡሬታ ዘመን የአጻጻፍ ዳኛ የሚባል አካል አልነበረም፤ አንድ ቃል በአንድ ገጽ ላይ በሁለት መንገድ ተጽፎ ብታገኚው ልትደነቂ አይገባም። በዘመኑ የቋንቋ ታሪክ ትምህርት እንደ ተራ ኮርስ እየታየ መምጣቱ ያሳዝነኛል፤ ወርቃማውን ዘመን (የ16ኛውንና የ17ኛውን ክፍለ ዘመን የስፔን ሥነ ጽሑፍ) አጠናለሁ የሚል ተማሪ ይህን ፊደል በዓይኑ ሳይለምድ ወደ ፕሮፖዛል መድረስ አልነበረበትም።

የአምባው ልጅ

ይቅርታ አድርጊልኝና እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ለመሆኑ ኡሬታን ለምን መረጥሽው? ሰውየው ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። ሁዋን ደ ባልታሳር የሚባል፣ ኢትዮጵያዊ ነኝ ያለ ሰው የነገረውንና የሰጠውን ወረቀት ይዞ ነው የጻፈው። በአማራ ተራራ ላይ፣ ማለትም የእኛ አምባ ግሸን ነው በሚባለው ስፍራ፣ በዓለም ተወዳዳሪ የሌለው ቤተ መጻሕፍት እንዳለ ተርኳል። ግሸንን ግራኝ አሕመድ በ1540 ይዞ እንዳቃጠለው እያወቅን እንዲህ ያለ ተረት አንብቦ ዶክትሬት መያዝ ምን ይጠቅማል? ፔድሮ ፓኤዝ ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ሚስዮናዊ ነው፤ በ1603 ገብቶ በ1622 ጎርጎራ ላይ እስኪሞት ድረስ አገራችን ኖሯል፤ ቋንቋችንን ተምሯል፤ በ1618 የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቷል። የኢትዮጵያ ታሪኩንም የጻፈው በዋነኛነት የኡሬታን መጽሐፍ ለማስተባበል ነው። እውነቱን የጻፈው ሰው እያለ ተረት የጻፈውን ሰው ማጥናት አልገባኝም።

ቢኒ

እኔ ሥነ ጽሑፍ አላውቅም፤ ነገር ግን ገጹን ጮክ ብለሽ ብታነቢና ስልክሽ ቢጽፍልሽ አይቀልም? ደግሞም «ሰ» እና «ሠ»፣ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ለይታ ያደገች ልጅ በሁለት «ኤስ» አትሸነፍም፤ አይዞሽ።

ሰሎሜ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሳልገልጽ ያለፍኳቸው ነገሮች አሉ። ስካኑ ከጎግል መጻሕፍት የወረደ ጥቁርና ነጭ ፒዲኤፍ ነው። ኮሚቴው ጥቅሶቹ በመጽሐፉ በራሱ አጻጻፍ እንዲቀርቡ ይፈልጋል።

ለየአምባው ልጅ፦ ጥያቄዎን በአክብሮት እቀበላለሁ፤ ነገር ግን የምማረው በታሪክ ሳይሆን በሥነ ጽሑፍ ክፍል ነው። ኡሬታ እውነት ጽፏል አልልም። የምጠይቀው በ1610 ቫሌንሲያ የተቀመጠ አንባቢ ያ ቤተ መጻሕፍት አለ ብሎ እንዲያምን ያደረገው የአጻጻፍ ስልት ምን ነበር የሚለውን ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ፐርቻስ ትረካውን ወስዶ በራሱ መጽሐፍ ውስጥ አስገብቶታል፤ ተረቱ በአውሮፓ የተጓዘው በዚህ መንገድ ነው። ያልነበረን ኢትዮጵያ በቃላት የገነባን ሰው ማጥናት ለእኔ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ዛሬም ስለ እኛ የሚጻፈውን ለመመዘን ይረዳኛል። ፓኤዝን ደግሞ ልተወው አልችልም፤ መጽሐፉን የጻፈው ግን በፖርቱጋልኛ ነው።

አማኑ

አስቀድሜ እንዳልኩት ትራንስክሪቡስን ሞክሪ። የወርቃማው ዘመን የስፓኒሽ ኅትመት ሞዴል አለው። ዛሬውኑ ብትጀምሪ ለዓርብ ይደርሳል።

የመዝገብ ቤቷ

በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት የቆዩ መጻሕፍትን ወደ ዲጂታል የመቀየር ሥራ ላይ ስለምገኝ በአማኑ ሐሳብ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። እርሱ የጠቀሰው ሞዴል ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሲያነብ አጻጻፉን ወደ ዘመናዊው እንዲለውጥ ሆኖ የሠለጠነ ነው። የሚያወጣው ጽሑፍ የዛሬውን ሥርዓተ ጽሕፈት ይከተላል፤ ያ ጽሑፍ «የ1610 አጻጻፍ ነው» ተብሎ ቢቀርብ ኮሚቴው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያውቀዋል። መጽሐፉን በፍጥነት ለማንበብና ቃል ለመፈለግ ተጠቀሚበት፤ ለጥቅስ ግን አትጠቀሚበት።

ሁለተኛው ነገር ምስሉ ነው። የጎግል ፒዲኤፍ ገጹን ወደ ጥቁርና ነጭ ሲለውጥ ቀጫጭን መስመሮችን ይበላል፤ የረጅሙ «ኤስ» ሰረዝ ከሁሉ በፊት የምትጎዳው ለዚህ ነው። የስፔን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ቢብሊዮቴካ ዲሂታል ኢስፓኒካ የሚባል የራሱ ዲጂታል ስብስብ አለው፤ የሌሎች ቤተ መጻሕፍትን ስብስብም ተመልከቺና በቀለም፣ በሙሉ ጥራት የተነሣ ቅጂ ፈልጊ። ኦሲአሩን ሳትቀይሪ ምስሉን ብቻ ብትቀይሪ እንኳ ውጤቱ ይሻሻላል።

ሦስተኛ፣ ጅምላ መለወጡን ተዪ። ቃሉ በ«ኤፍ» ሲነበብ ትርጉም የሌለው፣ በ«ኤስ» ሲነበብ ግን ያለው ከሆነ ብቻ እንዲለወጥ የቃላት ዝርዝር ስጪው። በሁለቱም መንገድ ትርጉም የሚሰጡትን በቀለም አስምሪባቸውና በዓይንሽ ፍረጂ። «ፌ» እምነት ነው፤ «ሴ» ደግሞ በየመስመሩ የምትገኝ ተውላጠ ስም ናት። «ፊን» መጨረሻ ነው፤ «ሲን» ያለ ማለት ነው። የመነኩሴ መጽሐፍ በመሆኑ እምነት የሚለው ቃል በብዛት ይኖራል፤ አደጋው እዚያ ላይ ነው።

የደሴቱ ልጅ

ልጄ ሰሎሜ፣ ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ ወደ ኩባ ከተላክነው ልጆች አንዱ ነኝ፤ ስፓኒሽ የተማርኩት በወጣቶች ደሴት አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ለቢኒ ሐሳብ መልስ ልስጥ። በአንደበት ማስጻፍ ለዚህ ሥራ አይሆንም። እኛ እንደ ኩባውያን «ኤስ»፣ «ሲ» እና «ሴታ»ን («ዜድ»ን) በአንድ ድምፅ እንናገራለን፤ በቃል መጨረሻ ያለውን «ኤስ» ደግሞ በትንፋሽ እናሳልፈዋለን። ስልኩ የሰማውን በዛሬው አጻጻፍ ይጽፋል እንጂ አታሚው ያስቀመጠውን አያውቅም። ይልቅስ ጮክ ብለሽ ማንበቡን ለማረም ተጠቀሚበት፤ አንድ ሰው ከምስሉ ያንብብልሽ፣ አንቺ ግልባጩን በዓይንሽ ተከተዪ። የዘለልሽው መስመር ወዲያው ይታወቅሻል። ዛሬ ማታ አንባቢ ካጣሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ በደስታ አነብልሻለሁ።

ሰሎሜ (ጠያቂ)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ እጽፍልዎታለሁ።

መምህር ዘሳላማንካ

ኮሚቴው የቀድሞውን አጻጻፍ መጠየቁ ተገቢ ነው። አጻጻፉን ዘመናዊ ማድረግ የጽሑፉን ታሪክ ማጥፋት ነው፤ በዚህ ላይ መደራደር አይገባም።

ኤልሳ ከማድሪድ

መምህር፣ በአክብሮት እለያለሁ። የዘመኑን ተውኔቶችና ልብ ወለዶች ዛሬ ተማሪ በእጁ የሚይዛቸው አብዛኞቹ እትሞች አጻጻፉን ያዘመኑ ናቸው፤ ዋናው ነገር አዘጋጁ ምን እንዳደረገ በግልጽ መናገሩ ነው። የእህታችን ኮሚቴ ግን ምርጫውን ስላስታወቀ ክርክሩን ለሌላ ጊዜ እንተወው።

ሰሎሜ፣ እኔ የምልሽ ፕሮፖዛል ሙሉ መጽሐፍ ወደ ጽሑፍ መቀየር አይጠይቅም። ኮሚቴው ማየት የሚፈልገው ጥያቄሽን፣ ከአንቺ በፊት የተሠራውን፣ የምትከተዪውን መንገድና ጽሑፉን ማንበብ እንደምትችዪ ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ ትረካ ሦስት አንቀጾች ምረጪ፤ እነዚያን በእጅሽ፣ ፊደል በፊደል ገልብጪ። ኦሲአሩን እስከ ዓርብ እርሺው። ሦስት አንቀጽ በአንድ ምሽት ያልቃል፤ ከአባሪው ይልቅ እነርሱ ስለ ብቃትሽ ይመሰክራሉ።

ስትገለብጪ ዓይንሽን የሚያታልሉ ነገሮች አሉ። በአናባቢ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ሰረዝ አብዛኛውን ጊዜ የተዋጠ «ኤን» ወይም «ኤም» ናት፤ «ኩዋንዶ» በዚህ መልክ አጥሮ ይመጣል። በላዩ ሰረዝ ያለው «ኩ» ብቻውን ከቆመ «ኬ» ብለሽ አንብቢው። በገጹ ግርጌ በቀኝ በኩል ብቻዋን የተቀመጠች ቃል ካየሽ የሚቀጥለው ገጽ የመጀመሪያ ቃል ናት፤ ቅጠሎቹ ሲጠረዙ ቅደም ተከተላቸው እንዳይዛባ የምትቀመጥ ምልክት ስለሆነች ሁለት ጊዜ እንዳትገለብጫት። የኦሲአር ጽሑፍሽ በየገጹ መሸጋገሪያ ላይ ቃል እየደገመ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው።

ለማታውቂው ቃል የዛሬውን መዝገበ ቃላት አትክፈቺ። የሴባስትያን ደ ኮባሩቢያስ «ቴሶሮ» የተባለው መዝገበ ቃላት የታተመው በ1611 ነው፤ ከኡሬታ መጽሐፍ አንድ ዓመት ብቻ ዘግይቶ፣ በዚያው ቋንቋና በዚያው ትውልድ። ቃሉ ያኔ ምን ይመስል እንደነበር ከእርሱ የተሻለ ምስክር አታገኚም። እዚያ ካጣሽው ከ1726 እስከ 1739 የወጣውን የአካዳሚውን ባለ ስድስት ቅጽ መዝገበ ቃላት ተመልከቺ። ቃሉ በሌሎች የዘመኑ ጽሑፎች እንዴት እንደገባ ለማየት ደግሞ የአካዳሚው ታሪካዊ የጽሑፍ ስብስብ፣ «ኮርዴ» የሚባለው፣ በነፃ ይፈለግበታል።

የአምባው ልጅ

የሰሎሜን መልስ ደግሜ አነበብኩት። ጥያቄዋ ስለ አጻጻፍ ስልት ከሆነ ተቃውሞዬን አነሣለሁ፤ ግን አንድ ነገር ጨምሪበት። ፓኤዝ ኡሬታን ሲያስተባብል ክርክሩን አንድ በአንድ እየጠቀሰ ነው የሚሄደው። ስለ አምባው የጻፈውን ክፍል ከመረጥሻቸው አንቀጾች ጎን ብታስቀምጪው ኮሚቴው በአንድ ገጽ ላይ ተረቱንም ማስተባበያውንም ያያል። የፓኤዝ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በ2011 ታትሟል፤ ፖርቱጋልኛው እስኪገባሽ ድረስ ያግዝሻል።

የመዝገብ ቤቷ

በዚህ ላይ የምጨምረው፣ ብዙ የስፓኒሽ ክፍሎች ለዶክትሬት ሁለተኛ የንባብ ቋንቋ ይጠይቃሉ። ያንቺም ክፍል ከጠየቀ ፖርቱጋልኛን በፕሮፖዛሉ ውስጥ አሁኑኑ አስመዝግቢው፤ ፓኤዝ ምክንያት ይሆንሻል።

አማኑ

ትራንስክሪቡስ ከምስል ጋር አሰናስሎ ስለሚያሳይ በእጅ ለመገልበጥም ያገለግላል። ሞዴሉን ሳታስነሺ መስመር በመስመር ራስሽ መጻፍ ትችያለሽ፤ ምስሉ ከላይ፣ ጽሑፍሽ ከታች ይሆናል።

ኤልሳ ከማድሪድ

ይህ የአማኑ ሐሳብ ጥሩ ነው፤ ለሦስቱ አንቀጾች እንደዚያ አድርጊ። ሲያልቅ ከመጀመሪያው ጥቅስ በታች የግርጌ ማስታወሻ አስገቢ። ማስታወሻው የ«ዩ» እና የ«ቪ»ን፣ የ«ኤክስ»ን እና የሥርዓተ ነጥቡን አቀማመጥ እንደ ኅትመቱ እንዳቆየሽ፣ ረጅሙን «ኤስ» በአጭሩ እንደተካሽ፣ አሕጽሮቶቹን ፈትተሽ የጨመርሻቸውን ፊደላት በሰያፍ እንዳሳየሽ ይግለጽ። የተጠቀምሽበት ቅጂ የየትኛው ቤተ መጻሕፍት እንደሆነም ጻፊ፤ በዚያ ዘመን ኅትመቱ እየተካሄደ እርማት ይገባ ስለነበር የአንድ እትም ሁለት ቅጂዎች አንዳንድ ጊዜ በቃል ይለያያሉ።